ሞተር ይገፋል፤ ፍሬን ይይዛል
(በራዲዮ የተነገረ)

ዛሬ የማጫውታችሁ በመኪና ስለምትጎተት አንዲት ቤት፥ ስለ ሞተርዋና ስለ ፍሬንዋ ነው። ከናንተ መካከል «እኛ በኪራይ ቤት የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ የምትጎተት ቤት ለኛ ምናችን ናት?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ፥ ነገሩ ከየቢሮአችን ደጃፍ ብዙ እንዳልራቀ ታያላችሁ።

በአሜሪካ አገር ጡረታ ከወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ተሳቢ ቤት ገዝተው፥ ብርድ በመጣ ቁጥር ወደ ሞቃቱ ደቡብ ይወርዳሉ። ስለዚህም «የበረዶ ወፎች» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በአሪዞና በረሓ ያለችው ኳርትዛይት የምትባል ትንሽ ከተማ በሐምሌ ጥቂት ሰው ብቻ ሲኖርባት፥ በጥር ግን ሜዳዋ ሁሉ በነዚህ ቤቶች ይሞላል።

ተሳቢ ቤት በመንገድ ላይ ስትጓዝ ወርድዋ ከ8 ጫማ ከ6 ኢንች፥ ማለት ከ2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፥ እንዳይበልጥ በብዙዎቹ ግዛቶች ሕግ ተወስኗል። ባልና ሚስት ወራቱን ሙሉ በዚህ ጥበት ውስጥ ሊኖሩ ይቸገራሉ። ስለዚህ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ብልሃት ተስፋፋ። ቤቲቱ ከቆመች በኋላ የአንድ ጎንዋ ክፍል ከነወንበሩና ከነጠረጴዛው፥ እንደምንጽፍበት ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ለጉዞ ሲነሡም ተመልሶ ይገባል።

ይህን ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ባብዛኛው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ሞተሩ ባለ ጥርስ መዘውሮችን ያዞራል፤ እነርሱም በተራቸው ጥርስ የተቀረጸበትን ብረት ይገፋሉ ወይም ይስባሉ። ከብዙዎቹ ሞተሮች ጀርባ ደግሞ ፍሬን አለ። ይህ ፍሬን በእግር የሚረገጥ አይደለም። ኤሌክትሪክ በሌለ ጊዜ ሞላዎች ተጭነው አጥብቀው ይይዙታል፤ ማብሪያው ሲነካ የኤሌክትሪክ ማግኔት ሞላዎቹን አሸንፎ ይለቀዋል። ይኸውም፥ የፍሬኑ ጠባይ መያዝ ነው፤ የሚለቀውም ሲታዘዝ ብቻ ነው ማለት ነው። በጎኑ ግን አንዲት ትንሽ እጀታ አለችው። እርስዋም ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ፍሬኑን በእጅ ለቅቆ፥ ክፍሉን በመፍቻ እያዞሩ ለማስገባት የተደረገች ናት። አድማጮቼ ሆይ፥ ይህችን እጀታ አደራ አትርሱብኝ። የታሪኬ ሥር እርስዋ ናት።

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በ14 ዓመት የሚበልጡኝን ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ወደ ዴንቨር ሄጄ ነበር። ጋሼ በዚያው ከተማ ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፥ አንዲት ያገለገለች ተሳቢ ቤት ገዝተዋል። «ና፥ አብረን ወደ አሪዞና እንውረድ» አሉኝና ተነሣን። የመጀመሪያውን ሌሊት በደቡብ ኮሎራዶ ከአንድ ማረፊያ አደርን። በማግሥቱ ለመሄድ ስንሰናዳ ክፍሉ አልገባም አለ። ማብሪያውን ስንጫነው ሞተሩ እንደ ንብ ያጉረመርማል፤ ጥቂት ቆይቶም ዝም ይላል።

እኔ በልጅነቴ ከጋራዥ ደጃፍ የማልጠፋ ነበርሁና፥ ሳልለካና ሳልመረምር «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብዬ ፈረድሁ። ጋሼም አመኑኝ። ከሥር ገብቼ የፍሬኑን እጀታ ለቀቅሁ፤ በመፍቻም እያዞርሁ ክፍሉን አስገባሁት። ጋሼ «አበጀህ!» አሉኝ። እኔም በሙገሳው ደስ ብሎኝ እጄን ታጠብሁ፥ ቡናዬን ጠጣሁ፥ ጉዞ ጀመርን። እጀታዋን ግን ወደ ቦታዋ አልመለስኋትም።

ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ በሚዋሰኑበት ሥፍራ ራቶን የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ፤ ከፍታውም ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። ያን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላችን ያለ የጭነት መኪና መብራቱን ደጋግሞ አበራብን፤ ጡሩምባውንም ነፋ። ጋሼ «ይህ ሰው ምን ሆነ?» እያሉ ዳር ይዘው ቆሙ። ወርጄ ባይ፥ መንገዱ ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር ክፍሉ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ኖሮ፥ አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ ሌሎች መኪናዎች ወደሚያልፉበት መሥመር ተገትሯል። ጥቂት ቀደም ሲል በዚያው በኩል አንድ ባለ ሞተር ብስክሌት ቀድሞን አልፎ ነበር። እርሱን ባሰብሁ ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ።

የጭነት መኪናው ሾፌር ወርዶ በብርቱ ተቆጣን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጥፋቱ የኔ ነው። ከመነሣቴ በፊት ዞሬ ማየት ነበረብኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁት። እኔ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ እያወቅሁ ዝም አልሁ። በዚያ ቀን ከሆነው ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ዝምታዬ ነው። ክፍሉን አስገብቼ እጀታዋን በስውር ወደ ቦታዋ መለስሁና መንገዳችንን ቀጠልን።

ኳርትዛይት እንደ ደረስን አዲስ ሞተር ለመግዛት ስንማከር፥ ከጎረቤታችን ተሳቢ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሰምተውን መጡ። በሥራ ዘመናቸው የኤሌክትሪክ ጠጋኝ የነበሩ ሴት ናቸው። «ሞተሩ መቃጠሉን በምን አወቃችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኔ መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም መለኪያቸውን አምጥተው በተራ በተራ መረመሩ። አንድ ቀን ለናንተም ወይም በዚያ አገር ላለው ዘመዳችሁ ይጠቅም እንደ ሆነ፥ ተራውን እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን አዩ፤ ጎማዎቹንም በድንጋይ አስደገፉ። ክፍሉ በሚወጣበት በኩል ማንም እንዳይቆም አዘዙ። ከዚያ ባትሪውን ለኩ። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች የወረደ ግን አብዛኛው ኃይሉ አልቋል። የኛ 12.5 ነበር። ቀጥለው ቫልቮላውን አዩ፤ ደኅና ነው። ሦስተኛ ከሞተሩ ራስ ላይ ለኩ። ማብሪያው ሳይነካ አይደለም፤ እኔ ተጭኜ ይዤው ሳለ ነው። መለኪያው 8 ቮልት አሳየ።

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ልናገርና፥ ከግምጃ ቤት 12 ብር ከ50 ወጥቶ ለሠራተኛው 8 ብር ብቻ ደረሰው ማለት ነው። የቀረው በመንገድ ጠፍቷል። ሲፈለግም ከቤቲቱ የብረት ወገብ ላይ በቡሎን የታሠረው ሽቦ ሥሩ ዝጎ ተገኘ። የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ያህል እንቅፋት እጅግ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 40 አምፔር ሲያልፍበት 4 ቮልት ይበላል። ማብሪያው ሳይነካ ቢለካ ኤሌክትሪክ አያልፍምና ጉድለቱ አይታይም፤ ሥራ ሲጀመር ብቻ ይገለጻል።

በዚህ ምክንያት የፍሬኑ ማግኔት ሞላዎቹን ለማሸነፍ አቅም አነሰው። ሞተሩ ይገፋል፤ ፍሬኑ ይዞ አይለቅም፤ ማጉረምረሙም ከዚህ የመጣ ነበር። አሮጊቲቱ ወደኔ ዞር ብለው «እጀታዋን በለቀቅህ ጊዜ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ብትነካው ኖሮ፥ ሞተሩ ዞሮ ደኅንነቱን ይነግርህ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ባትሪውን ፈትተን ቡሎኑን አወጣን። ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅነው፤ የሽቦውን ጫፍ ለውጠን አጥብቀን አሠርነው፤ እርጥበት እንዳይገባም በላዩ ግራሶ ቀባነው። እንደገና ስንለካ ከሞተሩ ራስ 11.9 ቮልት ደረሰ። ፍሬኑ «ጠቅ» ብሎ ለቀቀ፤ ክፍሉም ያለ ችግር ወጣ። የተቃጠለ የተባለው ሞተር አሁንም እየሠራ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በቂ ቮልት ደርሶ የፍሬኑ «ጠቅ» ካልተሰማ፥ ማግኔቱ ወይም ወደርሱ የሚሄደው ሽቦ ሊጠረጠር ይገባል። «ጠቅ» ብሎ ሞተሩ ካልዞረ የሞተሩ ካርቦን አልቆ ይሆናል። ክፍሉ በመንገድ ላይ በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ፥ ፍሬኑ ተበልቶ ወይም ዘይት ነክቶት ይሆናል፤ ይህ ሳይጠገን ጉዞ መጀመር በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

በዚያ ምሽት ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን «ጋሼ፥ እጀታዋን የረሳሁ እኔ ነኝ። እርስዎ ሲወቀሱም ዝም አልሁ» አልኋቸው። ጋሼ እሳቱን ቆስቁሰው «ስትመልሳት አይቼሃለሁ። መቼ ትነግረኝ ይሆን እያልሁ ነው የቆየሁ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። በማግሥቱ አንድ ቀይ ጨርቅ ቀድደው ሰጡኝና «ፍሬኑን በለቀቅህ ቁጥር ይህን ከመሪው ላይ እሠር፤ ሳትመልስ አትፍታው» አሉኝ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በየመሥሪያ ቤታችንም ሥራ ሲቆም ሳንለካ «ሰውየው ነው ያበላሸው» ብለን እንፈርዳለን፤ ሰውየውም ይለወጣል፥ ዝገቱ ግን እዚያው ይቀራል። ሥራ እንዳይጓተት «ለጊዜው» ብለን አንድ ደንብ እንለቅና መመለሱን እንረሳለን። አደጋው በሚመጣበት ጊዜም ወቀሳውን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ የለቀቀው ሰው ሳይሆን መሪውን የያዘው ይሆናል። ነገ ጧት ጠረጴዛችን ፊት ስንቀመጥ የለቀቅናት እጀታ እንዳለች ዞር ብለን እንይ። ካለችም ወደ ቦታዋ እንመልሳት፤ ለሚመለከተውም ሳንጠየቅ እንንገር። እኔ ከራቶን እስከ ኳርትዛይት ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ያን ሸክም ይዤ ተጓዝሁ፤ ከዝምታ የሚከብድ ጭነት እንደሌለም ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ደኅና እደሩ።