ማሽኑ አንድ ምስክር ነው
በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ እራት ሳትበሉ ወደዚህ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ዛሬ ልንወያይበት የመረጥነው ጉዳይ «ኮምፒውተሩ እንዲህ አለ»፣ «ማሽኑ አረጋገጠ»፣ «ሳይንስ ደረሰበት» እየተባለ በየዕለቱ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በቴሌፎን ስለሚደርሰን ወሬ ነው። ይህ የምሁራን ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አንድ ነገር እንንገረው።

አንዲት እናት ከልጃቸው ትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ ንባብ የሚለማመደው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም በዕብራይስጥ «የልጁ ስህተት በ100 በመቶ ጨምሯል» ብሎ ጽፏል። እናትየው ይህን «ልጄ ሁሉንም ይሳሳታል» ብለው ተረድተውት ሌሊቱን ሲያለቅሱ አደሩ። ልጁ ወደ ልዩ ክፍል ይዛወር የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ስለነበር ሊፈርሙ ተዘጋጅተው ነበር። እኛ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን ለመምህርቷ ደውለን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን። «ስንት ቃል አንብቦ ስንቱን ተሳሳተ?» መልሱ ይህ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ከ40 ቃላት 2 ተሳስቶ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ከ40 ቃላት 4 ተሳሳተ። ከሁለት ወደ አራት ማደግ በእርግጥ መቶ በመቶ ጭማሪ ነው። ነገር ግን ልጁ ከ40 ቃላት 36ቱን በትክክል አንብቧል። መምህርቷም ቁጥሩን አልተመለከተችውም ነበር፤ ወረቀቱን የጻፈው ኮምፒውተሩ ነው። እናትየው አልፈረሙም።

ወገኖቻችን፣ በዚያ ወረቀት ላይ አንድም ውሸት አልነበረም። ሆኖም የአንድ ልጅ ዕድል ሊበላሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሦስት ጥያቄዎችን ይዛችሁ እንድትሄዱ እንፈልጋለን። አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋልና።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከስንት ስንት?» የሚል ነው። «በእጥፍ ጨመረ»፣ «በግማሽ ቀነሰ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ቀድሞ ስንት ነበር? አሁንስ ስንት ሆነ? በሉ። ከመቶ ሺህ ሰው አንዱን የሚነካ ነገር ሁለት ቢነካ «በእጥፍ» ይባላል፤ ከመቶ ሰው ሃያውን የሚነካ ነገር አርባ ቢነካም እንዲሁ «በእጥፍ» ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፤ አደጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በጣም የሚያሳስተን ደግሞ «99 በመቶ ትክክል የሆነ አዲስ መመርመሪያ ተገኘ» የሚለው ዜና ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። በአንድ ከተማ 10,000 ሰዎች ተመረመሩ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ በሽታው ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። መሣሪያው ከመቶ በሽተኛ 99ኙን ያገኛል፤ ከመቶ ጤነኛ ደግሞ አንዱን ብቻ በስህተት «በሽተኛ ነህ» ይለዋል። እንግዲህ አሥሩን በሽተኞች ያገኛቸዋል ማለት ይቻላል። ጤነኞቹ ግን 9,990 ናቸው፤ ከመቶ አንዱን ሲሳሳት 100 ያህል ጤነኞችን «ታመሃል» ይላል። በጠቅላላው «ታመሃል» ከተባሉት 110 ሰዎች ውስጥ የታመሙት 10 ብቻ ናቸው፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ በኩፓት ሆሊም «ምርመራው አንድ ነገር አሳይቷል፤ እንደገና ና» ሲሏችሁ ሁለተኛውን ምርመራ ሳታደርጉ ተስፋ አትቁረጡ። መቅረትም አይገባም። ሁለተኛው ምርመራ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «በማን ላይ ተፈተነ?» የሚል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት ሴቶች አንድ ጥናት አወጡ። አንደኛዋ ጆይ ቡዎላምዊኒ ትባላለች፤ ሁለተኛዋ አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ናት። የፊት ፎቶግራፍ አይተው «ይህ ወንድ ነው፣ ይህች ሴት ናት» የሚሉ የሦስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች ፈተኑ። የተጠቀሙትም በሩዋንዳ፣ በሴኔጋል፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በአይስላንድ፣ በፊንላንድና በስዊድን የምክር ቤት አባላት በ1,270 ፎቶግራፎች ነበር። ሁሉንም በአንድነት ሲቆጥሩት ፕሮግራሞቹ ከመቶ 88 እስከ 94 ያህሉን በትክክል ይለያሉ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «እንዴት ያለ ብልህ ማሽን ነው» ይላል። ሴቶቹ ግን እዚያ አላቆሙም፤ በቆዳ ቀለምና በጾታ ለያይተው ቆጠሩ። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን በአንዱ ፕሮግራም እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት ሴቶች አንዷን «ወንድ ናት» አለ ማለት ነው። አማካዩ ቁጥር የእኛን እናቶችና እህቶች የመሰሉትን ሸፍኗቸው ነበር። ጥያቄው በአደባባይ ከተጠየቀ በኋላ ኩባንያዎቹ ፕሮግራማቸውን አሻሽለው፣ በ2019 በወጣ ጥናት እንደገና ሲፈተኑ ስህተቱ በብዙ ቀንሶ ተገኘ። ጠያቂ ባይኖር ግን ያው «ብልህ ማሽን» እንደተባለ ይቀር ነበር።

ይህ የፎቶግራፍ ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን ገዝተን በቤታችን ያስቀመጥናትን፣ ጣት ላይ የምትገባውን ትንሽ መሣሪያ ያስታውስ። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካው ቆዳን አልፎ በሚሄድ ብርሃን ነው። በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት የመሣሪያዋን ቁጥር ከደም ሥር ከተወሰደ ደም ጋር አነጻጸረ። መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 እያሳየች፣ በእውነቱ ግን የደማቸው ኦክስጅን ከ88 በታች የወረደ ሕሙማን ተገኙ። ይህ በነጮች መካከል 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች መካከል 11.7 በመቶ ነበር። ታዲያ መሣሪያዋን እንጣላት? አይደለም። ቁጥሩ በየጊዜው እየወረደ ከሆነ ይህ ራሱ ጠቃሚ ምልክት ነው። ነገር ግን ትንፋሽ እያጠራችሁ «ማሽኑ ደህና ነህ ብሎኛል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ለሐኪሙም «ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን መተንፈስ አቅቶኛል» በሉት። ሰውነታችሁም ምስክር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «የብዙዎቹን ነገር በዚህ በአንዱ ሰው ላይ እንዴት አመጣችሁት?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ፣ የደም ባንኩ ከኢትዮጵያ የመጡ ኦሊም የሰጡትን ደም ይቀበልና ሳይነግራቸው ይጥል እንደነበር ገለጠ። በ28ኛው ቀን በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰበ። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ የወላጆቻችንን ፊት ግን አንረሳውም። በኋላም በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ባለሥልጣኖቹ የሰጡት ምክንያት በኦሊም መካከል የኤች አይ ቪ መጠን ከሌላው ሕዝብ ከፍ ይላል የሚል ነበር። ቁጥሩን እንቀበለው። እያንዳንዱ ደም በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ይሁን እንጂ በቅርብ ቀን የተያዘ ሰው በሽታው በምርመራ ላይታይ ይችላል፤ ይህም እውነት ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ለማንኛውም ሰጪ «በቅርብ ጊዜ ለበሽታው የሚያጋልጥ ነገር ደርሶብሃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ከገባ አሥር ዓመት የሞላው፣ ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግል ጤነኛ ወጣት ደም ይጣል የሚል መደምደሚያ ከዚያ ቁጥር አይወጣም። ስለ ብዙዎች የተነገረ ቁጥር በአንድ ሰው ላይ ፍርድ ሆነ። የባሰው ደግሞ በምስጢር መደረጉ ነው፤ ያልተነገረውን ነገር ማንም ሊጠይቅ አይችልምና። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ በ2013 በሦስት ዓመታቸው ወደ አገር የገቡት የክኔሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ሊሰጡ ቢቀርቡ ደንቡ አይፈቅድም ተባሉ።

ዛሬ ይኸው አስተሳሰብ በኮምፒውተር ሊመጣ ይችላል። አንድ ፕሮግራም «በዚህ ሰፈር የሚኖሩ ልጆች ውጤታቸው ዝቅ ይላል» ብሎ የእናንተን ልጅ ገና ሳይፈትነው ዝቅ ቢያደርገው ስህተቱ ያው የ1996ቱ ስህተት ነው። ማሽን ስላደረገው አይነጻም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ የሌላውን ስህተት ብቻ መቁጠር ደግ አይደለምና። እኛም በሰነፍ አስተሳሰብ እንያዛለን። በ2020 በብሪታንያ ሰዎች «ኮሮናን ያመጣው አዲሱ የቴሌፎን አንቴና ነው» ብለው አንቴናዎች አቃጠሉ። ማስረጃቸው አንቴናውም በሽታውም በትልልቅ ከተሞች መታየታቸው ነበር። ነገር ግን አዲስ አንቴና አስቀድሞ የሚተከለው ሰው በበዛበት ነው፤ ተላላፊ በሽታም የሚስፋፋው ሰው በበዛበት ነው። አንዱ ሌላውን አላመጣውም፤ ሁለቱንም ያገናኛቸው የሕዝቡ ብዛት ነው። ይህን የመሰለ የድምፅ መልእክት በአማርኛም በየቴሌፎናችን ይዞር ነበር፤ «ዘመዴ ልኮልኝ ነው» ብለን ለሌላ አስተላልፈናል። «ይህን ጠጥቶ ዳነ» የሚለውንም እንዲሁ። ሳይጠጡ የዳኑትን ማን ቆጠራቸው? ጠጥተው ያልዳኑትንስ?

ወገኖቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን በአገር ቤት ጠብ ሲዳኙ ግራ ቀኙን ሳይሰሙ አይፈርዱም ነበር። ኦሪትም በአንድ ምስክር ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ታዝዛለች። ማሽኑ አንድ ምስክር ነው። እንስማው፤ አንናቀው። ግን ብቻውን ዳኛ አናድርገው።

ስለዚህ ነገ ከትምህርት ቤት፣ ከኩፓት ሆሊም ወይም ከሚስራድ ወረቀት ሲመጣ፣ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ከስንት ስንት? በማን ላይ ተፈተነ? በእኔ ልጅ ላይ በምን ታወቀ? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ በራሱ ጉዳይ ላይ ልጅ ምስክር መሆን የለበትም፤ የሚያነብላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኛም አለን። ልጆቻችሁንም ማታ ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ከማለት ሌላ «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» በሏቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጠይቅ። አሁን ጥያቄው የእናንተ ነው፤ ከእኛም ጀምሩ፤ የተናገርነውንም ጠይቁን።