ዋስ የሌለው ተመራቂ

(በነፋስ ስልክ ላፍቶ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው፤ ቃሏም «ዋስ» የምትባለው ናት። በክፍለ ከተማችን ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ በየመጋዘኑና በየሱቁ በር የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል። ማስታወቂያው የትምህርት ደረጃውንና የሥራ ልምዱን ከዘረዘረ በኋላ፣ በተለይ ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ጠባቂና ለሽያጭ ሠራተኛ ሲሆን፣ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ብሎ ይጨርሳል።

ለመሆኑ በቂ ዋስ ማን ነው? ቋሚ ደመወዝ ኖሮት ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ወይም በስሙ ቤት ወይም መኪና ያለው ሰው ነው። የባለጸጋ ልጅ እንዲህ ያለውን ሰው በእራት ገበታ ላይ ያገኘዋል። የጉሊት ቸርቻሪ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ የዘበኛ ልጅ ግን ሰፈሩን ቢያዳርስ አያገኘውም። ጎረቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ወይ ደመወዙ አይበቃም፣ ወይ ደብዳቤ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤት የለውም። ስለዚህ ሁለት ተመራቂዎች በፈተና እኩል ነጥብ አግኝተው አንዱ ይቀጠራል፤ ሌላው ይመለሳል። የተመዘነው ታማኝነታቸው ሳይሆን የዘመዶቻቸው ኪስ ነው።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» እያልን በዘመድ መቀጠርን እናወግዛለን። ዋስ ግን በግልጽ ተጽፎ ስለሚለጠፍ አድልዎ መሆኑ አይታየንም። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት 111ኛ ስምምነት፣ ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ምክንያት ከሥራ እንዳይገፋ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 25ኛ አንቀጽም ሀብትንና ትውልድን ሳይቀር ይጠቅሳል።

ቀጣሪውም ምክንያት አለው። የማያውቀውን ሰው በገንዘቡ ላይ ሊሾም ነውና መተማመኛ ይሻል። ይሁን እንጂ መተማመኛው የግድ ባለደመወዝ ዘመድ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዶቹ የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጠ፤ ሌሎቹ በማመልከቻ አጻጻፍና በቃለ መጠይቅ ሠልጥነው፣ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። በመጀመሪያ ሁለቱም ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የመጓጓዣው ጥቅም ጠፍቶ፣ ሥልጠናውንና ምስክር ወረቀቱን ያገኙት የተሻለ ገቢ ነበራቸው። እንግዲህ ለብዙዎቹ የጎደላቸው ችሎታ ሳይሆን ችሎታቸውን የሚመሰክርላቸው ነበር።

ስለዚህ ማኅበራችን ቀጣሪዎችን ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፣ ዋስ የሚጠየቀው ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚረከብ ሠራተኛ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዋሱ የሚገባበት የገንዘብ ልክ አስቀድሞ ይነገር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ልኩ ያልተወሰነ የዋስትና ውል አይጸናም ይላል። ልኩ ያልታወቀ ዕዳ ፈቃደኛውን አጎት እንኳ ያስፈራዋልና። ሦስተኛ፣ የመድን ድርጅቶች የሚሸጡትን የታማኝነት ዋስትና ቀጣሪው ራሱ ይግዛ፤ አረቦኑንም ከሥራው ወጪ ይቍጠረው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በመጪው ዓመት ብዙዎቻችን ዲግሪያችንን ይዘን በእነዚያ በሮች እንቆማለን። ዋስ ያለን ሰዎች ዋስ ስለሌላቸው ጓደኞቻችን ዛሬ እንናገር፤ ከተቀጠርን በኋላ መናገር ይከብዳልና።