ልቡናን መከተር፦ የጥምቀትን በዓል ከስልክ ርቆ ማክበር

ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ተጠሪዎች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት የሚወርዱበትን ዕለት «ከተራ» ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ የወጣው «ከተረ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ውኃን ገደበ፣ እንዳይፈስ አገደ ማለት ነው። አባቶቻችን የሚፈስሰውን ወንዝ በአፈርና በድንጋይ ከትረው፣ ውኃው እስኪጠራቀም ጠብቀው፣ በማግሥቱ ጸሎት አድርሰውበት ሕዝቡን ይረጩበት ነበር። ዛሬ በብዙ ከተማ ገንዳው በቧንቧ ውኃ ቢሞላም ስሙ ጸንቶ ይኖራል። የዛሬው ንግግሬም ከዚሁ ስም የሚነሣ ነው። በበዓሉ ቀናት ከውኃው ጋር ልቡናችንን እንዴት እንከትር? በተለይም በእጃችን የያዝነው ስልክ ሐሳባችንን በየአቅጣጫው በሚያፈስስበት በዚህ ዘመን ምን እናድርግ?

ጥምቀት በአደባባይ የሚከበር በዓል ነው። በጃን ሜዳ፣ በጎንደር በአፄ ፋሲል መጠመቂያ፣ በላሊበላና በየገጠሩ ወንዝ ዳር ምእመኑ ከቤቱ ወጥቶ፣ ከሰማይ በታች፣ ከጎረቤቱና ከማያውቀው ሰው ጋር አብሮ ይቆማል። በ2012 ዓ.ም. በዓሉ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን «የማይዳሰስ» የሚለውን ቃል ልብ እንበለው። የተመዘገበው ሕንፃ አይደለም፤ ፎቶግራፍም አይደለም። ሕዝቡ ራሱ የሚፈጽመውና ልጅ ከአባቱ አይቶ፣ ሰምቶና አብሮ አድርጎ የሚረከበው ሥርዓት ነው። የሚያደርገው ሰው ባይኖር፣ ሺህ ጊዜ ቢቀረጽ እንኳ ቅርስነቱ ያበቃል።

አሁን ወደ አደባባዩ እንመልከት። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ከብሮ ሲያልፍ ከፊት የቆመው ወጣት ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ በመስተዋቱ ውስጥ ያያል። እጁ ስለ ተያዘ አያጨበጭብም፤ ድምፁ እንዳይቀረጽበት ስለሚሰጋ እልል አይልም። አንዳንዱም ራሱን ከታቦቱ ጋር ለማንሣት ጀርባውን ይሰጣል። ይህን የምናገረው ወጣቶችን ለመክሰስ አይደለም። ምንጣፍ ተሸክመው እየሮጡ ከታቦቱ ፊት የሚያነጥፉት፣ ሕዝቡን በሥርዓት የሚያስተናግዱት፣ ቆሻሻውን የሚያጸዱት እነርሱው ናቸው። ደግሞም ጉዳዩ የወጣት ብቻ አይደለም፤ በአንድ እጁ ጥላ፣ በሌላው ስልክ የያዘ አገልጋይ ማየት ከጀመርን ሰንብተናል። ሕፃናት ደግሞ የሚማሩት ከምንነግራቸው ይልቅ ሲያዩን ከምናደርገው ነው።

በሌላ በኩል ስልክ የሚሠራውን በጎ ነገር መካድ ከእውነት መራቅ ይሆናል። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ለበዓሉ ፈቃድ አታገኝም። ማታ ሥራዋን ጨርሳ፣ በማድ ቤት ጥግ ተቀምጣ፣ የአጥቢያዋን ታቦት የምታየው ወንድሟ በላከላት አጭር ምስል ነው። አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው ስልክ ክፉ ነው ወይስ መልካም የሚል አይደለም። አንድ ሰው ቀርጾ ለሁሉ ሊያደርስ የሚችለውን ነገር ለመቅረጽ ሺህ ሰው በዓሉን መተው አለበትን? ጥያቄው ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የሚሆን ጥበብ አላት። የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ ነው፤ እንጾማለን። የምንጾመው ምግብ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የበዓሉን ደስታ በተዘጋጀ ሰውነት ለመቀበል ነው። አበው ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንም ጆሮም አንደበትም እንደሚጾሙ ያስተምሩናል። እጅም ከስልክ ቢጾም ከዚሁ ትምህርት የሚወጣ አዲስ ነገር የለውም።

በእኛ አጥቢያ ይህን በፈቃደኝነት ሞክረነዋል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ታቦቱ ከመንበሩ ሲነሣ ስልካቸውን አጥፍተው አስረከቡ፤ ታቦቱ ሲገባም ተረከቡ። በመጀመሪያው ሰዓት ብዙዎቹ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄድ ነበር፤ እርስ በርሳቸውም ይሳሳቁ ነበር። ሲመሽ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሊቃውንቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ማኅሌቱን ሲያደርሱ፣ ከዚህ ቀደም ጥቂት ቀርጸው ወደ ሌላ የሚሄዱት ልጆች ድንኳኑ አጠገብ ቆዩ። አንዱ «ይህ ወረብ ለምን በዝግታ ተጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል?» ብሎ መሪጌታውን ጠየቀ። መሪጌታውም በዕረፍቱ ጊዜ ተቀምጠው አስረዱት፤ ሌሎቹም ከበቡ። ለብዙ ዘመን ያንን ጥያቄ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሌሊቱ ብርድ ስለ ነበረው እናቶች ጋቢያቸውን ለልጆቹ አካፈሉ፤ የማን ልጅ እንደ ሆኑ እየጠየቁ ዘመድ አወጡ። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ ውኃው ተባርኮ ሲረጭ፣ ስልኬ ይረጥብብኛል ብሎ ወደ ኋላ የሸሸ አልነበረም።

ደስታውም አልጎደለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂላችን በዓሉ ሰው የሚተያይበት መሆኑን ይመሰክራል። አዲስ ልብስ የሚለበሰው ባልንጀራ አይቶ «ያምርብሻል» እንዲል ነው። በጥንቱ ልማድ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውረውም አደባባዩ ላይ በዓይኑ ፈልጎ ካገኛት በኋላ ነበር፤ አቀርቅሮ የሚሄድ ሰው ሎሚውን ለማን እንደሚወረውር አያውቅም። በዓሉ በጥር 12 ቀን ወደ ቃና ዘገሊላ ሲሸጋገርም የምናስበው ጌታችን በሰርግ ቤት ተገኝቶ ከሰዎች ጋር መታደሙን ነው። መታደም ደግሞ በአካልም በልብም መገኘትን ይጠይቃል።

ያጋጠመንን ችግርም ልሰውር አልሻም። ወላጆች «ልጄን በምን አገኘዋለሁ?» ብለው ተጨነቁ። ታክሲ የሚያሽከረክር፣ ደንበኛው የሚደውልለት ወጣት ሊሳተፍ አልቻለም። ቤቱ በሽተኛ ያለው ሰውም ስልኩን መለየት አይገባውም። ከዚህ ተነሥቼ ለየአጥቢያችሁ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ነገሩ በፈቃድ ብቻ ይሁን። በር ላይ ቆሞ መፈተሽ፣ የያዘውን መገሠጽ ወይም ማሳፈር ከበዓሉ መንፈስ ጋር አይሄድም። ካህናትና የጉባኤ አባላት አስቀድመው ቢጀምሩ ሌላው ይከተላል።

ሁለተኛ፣ አደራው የታመነ ይሁን። ስልኮቹ በባለቤቱ ስምና በተራ ቁጥር ተመዝግበው፣ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ በቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ይቀመጡ። ቁልፉን ከሰበካ ጉባኤው አንድ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ሰው በጋራ ይያዙት። በሕዝብ ግፊያ መካከል ስልክ እንደሚሰረቅ ስለምናውቅ፣ ይህ ለብዙዎች እፎይታ ሆኖ ተገኝቷል።

ሦስተኛ፣ ለጭንቅ ጊዜ የሚሆኑ ጥቂት ስልኮች በታወቁ ሰዎች እጅ ይኑሩ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ከሚሰጡት፣ ከጸጥታ አስከባሪዎችና ከአስተባባሪው ጋር። ቁጥራቸው አስቀድሞ ለወላጆች ይነገር። እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ሲሰበሰብ መስመሩ ስለሚጨናነቅ ስልክ የያዘም ሰው ቢሆን ደውሎ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የቀድሞውን ዘዴ እንመልስ፦ የታወቀ ዛፍ ወይም ባንዲራ መገናኛ ይሁን፤ በሕፃናት ኪስም የወላጅ ስምና የአጥቢያው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጥ።

አራተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀራጮች በካህናቱ ፈቃድ ይመደቡ። የት እንደሚቆሙና መቼ እንደማይቀርጹ ይነገራቸው። ሥራቸው ከበዓሉ በኋላ ለሁሉም ይሰጥ፤ በስደት ላሉ እኅቶችና ወንድሞች፣ በቤት ለቀሩ ሕሙማን ግን አስቀድሞ ይላክ። በዚህም በሩቅ ያሉት ከተቆራረጠ ምስል ይልቅ የተሟላ ነገር ያገኛሉ።

አምስተኛ፣ የተለቀቀውን ጊዜ ባዶ አንተወው። ስልኩን ያስቀመጠ ወጣት የሚያስተምረው ሰው ካላገኘ ይሰለቻል። ሊቃውንቱ የዋዜማውን ሥርዓት፣ የማኅሌቱን ምሥጢር፣ የአጥቢያውን ታሪክ በአጭሩ የሚያስረዱበት ሰዓት ይመደብላቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በየአጥቢያችን ዜማውን፣ አቋቋሙን፣ የበዓሉን ሥርዓት በቃላቸው የያዙ አረጋውያን አሉ። በየዓመቱም ከመካከላቸው የምንቀብራቸው አሉ። የእነርሱን ድምፅ ስልክ ሊያስቀርልን ይችላል፤ ተተኪ ሊያፈራልን ግን አይችልም። ተተኪ የሚገኘው አንድ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ሲሰማቸው፣ ሲሳሳት ሲያርሙት ነው። ለዚህም በዓመት ሦስት ቀን ብንከትር አይበዛብንም። የሚመጣው ከተራ ሳይደርስ ጉዳዩን በየጉባኤያችሁ አንሥታችሁ እንድትመክሩበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።