ወላጆቹ መርዶ ያልሰሙት ወታደር



በቦንጋ ስለ ከረን ጦርነት መናገር ከመንገድ የወጣ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጅማ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከኢጣልያ እጅ የወጣችበት ዘመቻና በሰሜን የተካሄደው ውጊያ የአንድ ጦርነት ሁለት ግንባሮች ናቸው። ዛሬ የማነሣው በሰሜኑ ግንባር የወደቀውን ወጣት አይሁዳዊ ስደተኛ ወታደር ነው። አንድን ግለሰብ በስም አልለይም፤ በአንድ የጦር ክፍል ውስጥ ብዙዎች የተጋሩትን የሕይወት መንገድ እከተላለሁ።

ይህ መንገድ የሚጀምረው በ1925 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ነው። በዚያው ዓመት ሬካ ፍራየር የተባለች ሴት በርሊን ላይ ወጣት አይሁዳውያንን ያለ ወላጅ ወደ ፍልስጤም የሚልክ ድርጅት አቋቋመች። ኦስትሪያ በ1930 ዓ.ም. ስትያዝ የቪየና ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን መሸኘት ጀመሩ። ፍልስጤም ያኔ በእንግሊዝ የአደራ አስተዳደር ሥር ነበረች።

በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ 51ኛው የመካከለኛው ምሥራቅ ኮማንዶ ተመሠረተ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ኬተር ሲሆን፣ ወታደሮቹ ከፍልስጤም የመጡ አይሁድና ዐረቦች ነበሩ፤ ከአይሁዱም ብዙዎቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ ናቸው። አይሁድና ዐረብ በአንድ ምሽግ መሰለፋቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለማሰብ እንኳ የሚያስቸግር ነገር ሆነ።

ከረን ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ ተዋጋች። ጠላት ከላይ፣ አጥቂው ከታች ሆኖ፣ ውኃና ጥይት በሰው ትከሻና በበቅሎ ወደ ገደሉ ይወጣ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ይህን ሁሉ «የእንግሊዝ ጦር» ብለው ያልፉታል። ውጊያውን በአብዛኛው የተሸከሙት ግን የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ፤ የእኛም ወጣት በዚያ ስያሜ ተሸፍኖ ቀርቷል።

በእኛ ባህል መርዶ በማለዳ፣ በዘመድ አንደበት ይነገራል፤ አልቃሹም ሳይጠራ ይሰበሰባል። ለዚህ ወጣት ግን መርዶ ነጋሪ ሊሄድበት የሚችል መንገድ አልነበረም። ወላጆቹ በጠላት ግዛት ስለነበሩ ከእነርሱ ጋር በይፋ የሚገናኝበት መስመር ከ25 ቃላት የማይበልጥ የቀይ መስቀል መልእክት ነበር። እርሱ በወደቀ በወራት ውስጥ ደግሞ የቪየና አይሁድ በጅምላ ወደ ምሥራቅ መጋዝ ጀመሩ። ልጁ ስለ ወላጆቹ፣ ወላጆቹም ስለ ልጁ ሳይሰሙ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊን የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ደብዳቤውን ያስቀመጠች እናት፣ ልጅነቱን የምትተርክ እኅት አይገኙም። የሚተርፈው የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ የጦር ክፍል፣ ቀን፣ የዳዊት ኮከብ።

የተረፉት ጓዶቹ በአምባላጌ አልፈው በጎንደር ዘመቻ ተሰለፉ፤ ጎንደርም በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጇን ሰጠች። ከከተማዋ አጠገብ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ አለች። ከዚያ አካባቢ የወጡ ወጣቶች ከአርባ ዓመት በኋላ መንገዱን በተቃራኒው ተጓዙ። በሱዳን በኩል ሲሄዱ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ከደረሱት ልጆች አንዳንዶቹ ወታደር ሆነው በዚያው ተራራ ተቀብረዋል። ለእነዚህ ግን ስማቸውን በአማርኛ እየጠራች የምታለቅስ እናት አለቻቸው። በእኔ አስተያየት የሁለቱ ትውልዶች ልዩነት ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ዓመት የቃል ታሪክ የምትሰበስቡ ተማሪዎች ማንኪራ ስትወርዱ ስለ ቡና እናት ብቻ አትጠይቁ። በ1933 በዚህ አገር ስላለፈ እንግዳ ወታደር፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሰ፣ በምን ቋንቋ እንደተናገረ፣ ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ካገኛችሁ የተናገረውን እንዳለ መዝግቡ።