ስለ ላሊበላ ከተማና ስለ ነዋሪዎቿ ኑሮ የተነገረ ቃል



በኢዮቤልዩ ቀን ስለ ሕንፃው መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ቃል ግን በሕንፃው ዙሪያ ስለሚኖረው ሰው ነው፤ ምሳሌውም ላሊበላ ናት።

በዚያች ከተማ ከዐለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸውን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጎብኚ እየበዛ ሄደ፤ ሆቴሎችም በየአፋፉ ተሠሩ። ጎብኚው ሁለት ሦስት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል፤ ቀዳሹ፥ ነጋዴውና ጠላ ጠማቂዋ ግን ክረምትም በጋም በዚያው ናቸው።

በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖር ከነበረው ሕዝብ ብዙው ቤተሰብ፥ ቅርሱን ለመጠበቅና ዙሪያውን ለማጽዳት ተብሎ፥ በ2000ዎቹ ዓመታት ቁራቁር ወደሚባል ሰፈር ተዛወረ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ሆኖም የማሕሌቱን ድምፅ ከቤቷ ሆና ትሰማ የነበረች አሮጊት ከደጀ ሰላሙ ስትርቅ፥ ለእንግዳ ሻይ ሸጣ የምታድረውም ከመንገዱ ስትወገድ፥ ቤት በቤት ቢተካም ጉርብትናና እንጀራ እንዲያው በቀላሉ አይተኩም።

በልደት በዓል የላሊበላ ሰው ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምእመን ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፤ ያበላል፤ ያሳድራል። ይህን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ለማጠብ ውኃ፥ ለማሳደርም ቤት ያሻል፤ የውኃ እጥረት ደግሞ የነዋሪው የቆየ ጩኸት ነው። እንስራዋ ባዶ የሆነ ሴት የእንግዳውን እግር በምን ታጥባለች? ስለዚህ በከተማዪቱ ከሚሠራው ጌጥ ሁሉ አስቀድሞ ቧንቧ ሊገባ ይገባል።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ ጦርነቱ ከከተማዪቱ ደረሰ። ጎብኚ ቀረ፤ ሆቴል ተዘጋ፤ መብራትም ጠፋ። ነዋሪው ግን መሄጃ አልነበረውም። ስለ ቅርሱ አስቀድሞ የሚጮኸውም ያው ነዋሪ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ዝናብ ይከለክሉ ዘንድ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች አብያተ ክርስቲያናቱን ያሰጋሉ ብሎ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው እርሱ ነበረ።

ይህን ለጉራጌ ሰው ለማስረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ጀፎረ አለና። በጎጆዎች መካከል ሰፍቶ የተዘረጋው፥ ሣር የለበሰው መንገድ የለቅሶና የሠርግ፥ የከብትና የሕፃናት የጋራ ስፍራ ነው። አጥሩን ገፍቶ ወደ ጀፎረ የሚገባ ሰው ቢገኝ ቂጫ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይዳኙታል። ዛሬ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ውበቱን አይቶ ያደንቃል፤ ውበቱንም የጠበቀው በየቀኑ የሚመላለስበት ባለቤቱ ነው። (አሁን አሁን በየቦታው ጀፎረን የሚያጠብ አጥር መታየቱን የሰማ ያዝናል፤ ነገሩ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ።)

በጀፎረ ዳር ጎጆ ሲተከል ጎረቤት ሽማግሌ ይጠየቃል። በላሊበላም ድንጋይ ሳይነሣ፥ መንገድም ሳይቀየስ፥ የደብሩ ካህንና እንስራ ተሸካሚዋ ሴት አስቀድመው ይጠየቁ፤ ከዐለቱ አጠገብ መኖር የሚቻለው ሰውም በዚያው እንዲኖር ፍሳሹ የሚወርድበት ቦይ ይሠራለት፤ የተዛወረውም ውኃና መንገድ ይድረሰው።