የአንበሳው ሪዝና ያዘነው ልጅ

  የዛሬው ንግግሬ ስለ ሐዘንና ስለ ድፍረት በሚነገር አንድ ተረት ላይ ነው።

ለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀርባል። አባወራውን «እግዜር ያጥናህ» እንለዋለን። እናቱ የሞተችበት ልጅስ? እሱ ብዙ ጊዜ «ሂድ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጫወት» ተብሎ ይላካል። ቢያለቅስ «ዝም በል፣ አንተ ወንድ አይደለህ!» ይባላል። ከሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ተዘርግቷል፣ ልቡ ግን እዚያ የለም። እኛም «ሰነፈ» እንላለን።

እንግዲህ ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ።

እናቱ የሞተችበት ልጅ ነበር። አባቱ ሌላ ሚስት አገባ። እንጀራ እናቱ ደግ ሴት ነበረች። ግን ወጥ ብትሠራለት አይበላም፣ ብታቅፈው ይሸሻል። ቢጨንቃት ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ሄዳ «አባቴ፣ ልጁ እንዲወደኝ መድኃኒት ይስጡኝ» አለች። እሳቸውም «መጀመሪያ ከአንበሳ ሪዝ አንዲት ፀጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» አሏት።

ሴትዮዋ ፈራች፤ ቢሆንም ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ለአንበሳው ሥጋ ከሩቅ አስቀምጣ ተመለሰች። በማግሥቱ ጥቂት ቀረበች። እንዲህ እያለች ወራት አለፉ። አንበሳው ለመዳት። አንድ ቀን ሥጋውን ሲበላ፣ ቀስ ብላ ፀጉሯን ነቀለች። ሽማግሌው ግን ፀጉሯን ተቀብለው እሳት ውስጥ ጣሏት! «ልጄ፣ አንበሳን ያላመድሽ፣ ትንሽ ልጅ ማላመድ እንዴት ያቅትሻል? እንደዚያው አድርጊ» አሏት።

ይህን ተረት ራስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር የተባሉ አሜሪካውያን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ አስገብተውታል፤ የመጽሐፉንም ርዕስ ከእሱ ወስደዋል።

ብዙ ሰው የሴትዮዋን ድፍረት ፀጉሯን በመንቀሏ ይለካዋል። እኔ ግን ትልቁ ድፍረት የሁለተኛው ቀን ነው እላለሁ። ትናንት ባዶ እጇን ተመልሳ ዛሬም ሄደች። ያዘነ ልጅም የሚቀረበው እንዲሁ ነው። ዛሬ ዝም ቢላችሁ ነገም አጠገቡ ተቀመጡ።

ልጆች፣ በተረቱ ውስጥ ያለው ልጅ ክፉ አልነበረም። ወጧን ቢበላ እናቱን የከዳ መስሎት ነው። ከአዲስ እጅ መቀበልም ድፍረት ይጠይቃል። እናትን ሳይረሱ መሳቅ ይቻላል። ማልቀስም ፈሪነት አይደለም።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ተረቱን ስታነቡ ከሁለተኛው ቀን ላይ ቆም በሉ። «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ከማለት በፊት «ልጁ ምን ፈርቶ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ «ዱሪ ዱሪ» ብሎ በኦሮምኛ መልሶ ይተርከው፤ ሐዘን በእናት ቋንቋ ሲነገር ይቀላል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠራችሁ አያቶችም፣ ለልጅ ልጆቻችሁ እናንተ አንብቡላቸው።

ዛሬ በሰፈራችሁ ወላጅ የሞተበት ልጅ ካለ፣ «እግዜር ያጥናህ» በሉት። ለእሱም ይገባዋል።