ትናንት ደኅና የነበረ ፈረስ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በእንስሳት ሕክምና ክፍል በር ላይ ከሚሰሙት ቃላት ሁሉ ሐኪሙን ይበልጥ የሚያስጨንቀው «ትናንት እኮ ደኅና ነበር» የሚለው ነው። አንድ ባለ ጋሪ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ፈረሱን ሊያጠምድ ይሄዳል እንበል። ፈረሱ እንደ ወትሮው ኮቴ ሰምቶ አይዞርም። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል። ሲስበውም በእሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው አንዱን እግር አንሥቶ ቶሎ ያስቀምጣል። ቁስል የለም፤ ስብራት የለም፤ ሚስማርም አልወጋውም። ትናንት ጋሪውን ስቦ ገብቷል፤ ድርቆሹን በልቷል፤ ውኃውን ጠጥቷል። ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ ብርድ መታው ይላል፤ ሌላው ዓይን አገኘው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይዘህ አስኪደው፤ ሲሞቀው ይለቀዋል» ሲል ይመክራል። ከሦስቱ ፈረሱን የሚጎዳው የሦስተኛው ምክር ነው።

ይህ በሽታ ላሚናይቲስ፣ ማለት የሰኮና ውስጥ ብግነት ነው። መልኩን ለይቶ ማወቅ ለሐኪም ብዙ አያስቸግርም። ሰኮናው ይሞቃል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች በእግሩ ግራና ቀኝ የሚወርዱት የደም ሥሮች ትርታ በጣት የሚመታ ያህል ይበረታል፤ ጉጠት በሰኮናው ጫፍ በኩል ሲጨመቅበት ፈረሱ እግሩን ይነጥቃል። የሕመሙን ደረጃ ለመመደብም እስከ ዛሬ የሚሠራበት፣ ስዊድናዊው ኒልስ ኦቤል እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረበው ባለ አራት ደረጃ መለኪያ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ፈረሱ በቆመበት እግሩን እያፈራረቀ ያነሣል፤ በአራተኛው ካልተገደደ በቀር ከቆመበት አይነቃነቅም። የሚያስቸግረው መለየቱ ሳይሆን «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባለቤቱ ይህን ይጠይቃል፤ ሐኪሙም ራሱን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ቀን መልስ አይገኝለትም።

ጉዳዩን ለማስረዳት የሰኮናውን አሠራር ማስታወስ ይገባል። ፈረስ በሰኮናው መረገጫ ላይ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። የእግሩ የመጨረሻ አጥንት በሰኮናው ግድግዳ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የሚያንጠለጥሉትም እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩ ስስ ንጣፎች ናቸው። በአንድ ሰኮና ውስጥ ከ550 እስከ 600 የሚደርሱ ዋና ንጣፎች አሉ፤ እያንዳንዱም ከ150 እስከ 200 በሚሆኑ ጥቃቅን ንጣፎች ይሸነሸናል። ከአጥንቱ በኩል ያሉት ከግድግዳው በኩል ካሉት ጋር እንደ ተጣመሩ ጣቶች ይያያዛሉ። ሁሉም ቢዘረጉ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ይኖራቸዋል። የፈረሱ ክብደት የተንጠለጠለው በዚህ መያያዣ ላይ ነው፤ ከክብደቱም 60 በመቶ ያህሉ በፊት እግሮች ላይ ስለሚያርፍ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ እነርሱን ቀድሞ ይይዛል። መያያዣው ሲላላ ከበላይ የሰውነቱ ክብደት አጥንቱን ይጫነዋል፤ ከኋላ ደግሞ ጥልቁ ጅማት ይጎትተዋል። አጥንቱ ጫፉን ወደ ታች ያዞራል፤ ወይም እንዳለ ይሰምጣል። አንዴ ከዞረ በኋላ ወደ ቦታው የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

በጣም ሊጤን የሚገባው ነገር የጊዜው ጉዳይ ነው። ፈረሱ ማነከስ የጀመረበት ሰዓት በሽታው የጀመረበት ሰዓት አይደለም። ፈረስ የእህል ማስቀመጫ ሰብሮ ገብስ ወይም ስንዴ ሲበላ፣ እግሩን የሚያመው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። በዚያ መካከል ንጣፎቹ መላላት ጀምረዋል፤ ፈረሱ ግን ጋሪ ይስባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እንግዲህ «ትናንት ደኅና ነበር» የሚለው ባለቤት አልዋሸም፤ ፈረሱ ግን ደኅና አልነበረም። ሐኪሙም «ዛሬ ምን በላ?» ከማለት ይልቅ «ከትናንት ወዲያና ከዚያ በፊት ምን ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ የበለጠ ያገኛል። የእህል ከረጢት ተቀዶ አድሮ ይሆናል፤ ባዝራ ከሆነች ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል፤ የሆድ ቁርጠት ወይም የሳንባ ምች ይዟት ይሆናል። ይህን የጠየቀ ሰው «ምክንያት የለውም» ከተባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ምክንያት ያገኝለታል።

የሆነ ሆኖ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ሕክምናው አይጠብቅም። ምክንያቱ ምንም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ሥራ ያው አንድ ነው። ፈረሱ መቆም አለበት። ቀድሞ በመማሪያ መጻሕፍት ጭምር «ደሙ እንዲዘዋወር አስኪዱት» ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የላላውን መያያዣ የሚቀድድ መሆኑ ታውቋል። የሚቆምበትም መሬት ጠንካራ እንዳይሆን፣ አሸዋ በጥልቀት ይደፋለት። አሸዋ የሰኮናውን መሐል ሞልቶ ክብደቱን ከግድግዳው ላይ ያቀልለታል፤ ፈረሱም ጫፉን ወደ ታች ቀብሮ የሚመቸውን አቋቋም ራሱ ይፈልጋል። በዚህ አገር በሚገኝ ነገር ሊሠራ የሚችል፣ ውድ ከሆኑ መደገፊያዎች የማይተናነስ ዘዴ ነው። እህል ፈጽሞ ይከልከል። የሕመም ማስታገሻ ይሰጠው፤ ነገር ግን ፌናይልቡታዞን ወስዶ የተሻለው ፈረስ ሕመሙ ቀነሰለት እንጂ ሰኮናው አልጸናም። በማስታገሻ ተደፋፍሮ ሦስተኛ ቀኑ ላይ ወደ ጋሪው የሚመለስ ፈረስ በአራተኛው ቀን ይወድቃል።

ከሁሉ በላይ ማስረጃ ያገኘው ሕክምና ቅዝቃዜ ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የሆኑት አንድሩ ቫን ኤፕስና ክሪስቶፈር ፖሊት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሙከራ፣ በሽታው ሆን ተብሎ የተቀሰቀሰባቸውን ፈረሶች አንድ የፊት እግር በበረዶና በውኃ ውስጥ ለሁለት ቀን አቆዩት፤ ሌሎቹን እግሮች እንዲሁ ተዉአቸው። በአንዱ ፈረስ፣ በአንዱ ደም የቀዘቀዘው እግር ከጉዳቱ በእጅጉ ሲድን ያልቀዘቀዘው ታመመ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛው፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ሌት ተቀን መቀጠል ያለበትና የሰኮናውን ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች የሚያወርድ መሆን የሚገባው መሆኑ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ እግርን በባልዲ ውኃ ማራስ ይህን አይሠራም። ሁለተኛው፣ ብዙ የሚጠቅመው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት መሆኑ ነው። እህል ሰርቆ የበላ ፈረስ ገና ሳያነክስ እግሩ በበረዶ ውስጥ ቢገባ ሊድን ይችላል። በረዶ በሌለበት ገጠር የወንዝ ውኃ ከምንም ይሻላል፤ ከበረዶ ጋር ግን አይተካከልም።

ከሦስቱ ቀኖች በኋላ ወደ ምክንያቱ ፍለጋ መመለስ ይገባል። ባለፉት ሃያ ዓመታት የባለሙያውን አስተያየት የለወጠው ግኝት እዚህ ላይ ይገባል። በአውስትራሊያ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሙከራ፣ ጤነኛ ለሆኑና ላሚናይቲስ ይዟቸው ለማያውቅ ድንክ ፈረሶች ለረጅም ሰዓት ብዙ ኢንሱሊን በደም ሥር ተሰጣቸው፤ የደማቸው ስኳርም በመደበኛ መጠኑ ተጠበቀ። ኢንሱሊኑን የወሰዱት ሁሉ በ72 ሰዓት ውስጥ ላሚናይቲስ ያዛቸው። በሆድ ዕቃቸው፣ በሳንባቸው፣ በማሕፀናቸው ምንም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከፊንላንድ በወጣ ጥናት ደግሞ በላሚናይቲስ ምክንያት ወደ ሆስፒታል ከመጡት 36 ፈረሶች በ32ቱ፣ ይኸውም በ89 በመቶው፣ የሆርሞን መዛባት ተገኝቷል። ይህ ከአንድ አገር አንድ ሆስፒታል የተገኘ ቍጥር ስለ ሆነ ለቢሾፍቱ ወይም ለባሕር ዳር የጋሪ ፈረስ እንዳለ አይገለበጥም። በሀብታም አገር የሚበዛው በሽተኛ ወፍራም ነው፤ በዚህ አገር የሚበዛው የጋሪ ፈረስ ከሲታ ነው። ሆኖም ያለ ምክንያት መጣ የሚባለው ላሚናይቲስ አብዛኛውን ጊዜ በደም ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ የቆየ ምክንያት እንዳለው ያሳያል።

የፈረስ ውፍረት እንደ ጤንነት መቆጠሩም አንዱ ችግር ነው። ጎኑ የተሞላ፣ ጋማው ሥር ጮማ የተቆለለበት፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ፈረስ የባለቤቱ ኩራት ነው። ለበዓል እንዲያምር ገብስ በላይ በላዩ የሚጨመርለት፣ ክረምቱን ያለ ሥራ ቆይቶ በመስከረም በለምለም መስክ ላይ የሚለቀቅ ፈረስ ደኅና እንደ ሆነ ሁሉም ይመሰክርለታል። የለምለሙ ሣር ስኳር ኢንሱሊኑን ሲያንረው ግን ጋማው ሥር የተቆለለው ጮማ ምን ሲያስጠነቅቅ እንደ ነበረ ይታወቃል። በዕድሜ የገፋ፣ ፀጉሩን በወቅቱ የማይጥል ፈረስ ከሆነ ደግሞ የፒቱታሪ ዕጢ መታወክ ይጠረጠራል፤ እርሱም ኢንሱሊንን ያዛባል። የላቦራቶሪ ምርመራ በማይገኝበት ቦታ እንኳ እጅና ዓይን ብዙ ይናገራሉ፤ አንገቱን መዳሰስ ገንዘብ አያስወጣም።

በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ ኢንሱሊናቸው ለተዛባ ፈረሶች ከሚመረጡት የድርቆሽ ዓይነቶች አንዱ ጤፍ ነው። ለእንጀራው ሳይሆን ለሣሩ ተዘርቶ፣ ፍሬ ሳይዝ ታጭዶ ይደርቃል፤ ስኳሩም በጥቅሉ አነስተኛ ስለ ሆነ ይወደዳል። በዚህ አገር ለከብት የሚሰጠው የጤፍ ጭድ ከዚያ ድርቆሽ ጋር አንድ ባይሆንም፣ ወፍራሙን ፈረስ ከገብስ ወደ ጭድ ማውረድ ለባለቤቱ ውርደት ቢመስለውም ለፈረሱ መድኃኒት ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ «አልተገኘም» ማለት ከማይታወቅ ምክንያት ይልቅ የሚያጽናና ውሸት ከመፍጠር ይሻላል። ባለቤቱ በመካከሉ ራሱን ይከስሳልና። «ዶክተር፣ ትናንት ዳገቱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት» ሲል «ጋሼ፣ ዳገቱን ሲወጣ በሽታው አስቀድሞ ጀምሮት ነበር፤ እርስዎ ሊያዩት የሚችሉት ነገር አልነበረም» ብሎ መመለስ ማባበል ሳይሆን ከላይ የተነገረው የሳይንስ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። «ስንት ቀን ይቁም?» ይላል። ባለ ጋሪው የዕለት ጉርሱ ከዚያ እግር ላይ ነው። ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ብሎ እቅጩን የማይነግረው ሐኪም ፈረሱ በሦስተኛው ቀን መጠመዱን ሲሰማ ሊቆጣ አይገባውም።

ገንዘብም ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ ሦስተኛውን በ31 የፈረስ ቁመት ርቀት የፈጸመው ሴክሬቴሪያት፣ በ19 ዓመቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1989 በኬንታኪ እንዲሞት የተደረገው በላሚናይቲስ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006 የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ ባርባሮ የተሰበረው የቀኝ የኋላ እግሩ ሲሆን፣ ላሚናይቲስ የያዘው ግን ክብደቱን ተክቶ የተሸከመው የግራው ነበር። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለስምንት ወራት ከታከመ በኋላ በሽታው ወደ ፊት እግሮቹ ሲዛመት እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2007 እንዲያርፍ ተወሰነ። እነዚህ ሐኪሞች አልሰነፉም። አጥንቱ መረገጫውን ሊበሳ ሲቃረብ፣ ፈረሱ ቀኑን ሁሉ ተኝቶ ሲውል፣ ማስታገሻው ሁሉ ሲያቅተው፣ ሥቃዩን ማሳጠር የሕክምናው አካል ነው። ይህ ውሳኔ ለባለቤቱ ብቻ ሊጣልበት አይገባም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ምልክቶቹን ቆጥሮ ሊነግረውና በዕለቱም አብሮት ሊቆም ይገባል።

የተረፈው ፈረስ አዲስ ሰኮና ማብቀል አለበት። ግድግዳው በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ስለሚያድግ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ጫፉ ተተክቶ ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጫፉ እያጠረ፣ ተረከዙ እየተስተካከለ፣ ከተቻለም በራጅ እየታየ ይጠበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰኮናው ላይ ቀለበቶች ይወጣሉ፤ በጫፉ በኩል ጠበው፣ በተረከዙ በኩል ሰፍተው። እነዚህን ቀለበቶች ያየ ሐኪም ከላይኛው ጠርዝ ያላቸውን ርቀት ለክቶ በሽታው የጀመረበትን ወር በግምት ይደርስበታል፤ ባለቤቱም በዚያ ወር ምን እንደ ተለወጠ፣ ምን መኖ እንደ ገባ፣ ፈረሱ የት እንደ ተለቀቀ ያን ጊዜ የሚያስታውስ አለ።